ዘመድ ያለው አለ?

መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው አጨባበጧ ነው። እንደማንኛውም ሰው እጇን ትዘረጋለች፤ እንደማንኛውም ሰው «ደህና ሰነበትክ?» ትላለች። ነገር ግን መዳፍ ከመዳፍ እንደተገናኘ ሁለት ጣቶቿ ቀስ ብለው ወደ አንጓ ይንሸራተቱና የደም ሥሩ ላይ ያርፋሉ። «ደህና ነኝ» ብሎ የሚመልሰው አፍ ነው፤ እሷ የምታዳምጠው ግን ከቆዳው ሥር የሚመታውን ነው። የሚያውቋት ይስቁባታል። «እጄን መልሺልኝ እንጂ፣ ገና አልታመምኩም!» ይሏታል። እሷም ታፍርና ጣቶቿን ስኳር ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ ትሰበስባለች። በሚቀጥለው ሰላምታ ግን ጣቶቹ ያው ናቸው።

ማደንዘዣ ሐኪም ናት። በሕክምና ትምህርት ቤቱ ታስተምራለች፤ ከትምህርት ቤቱ ጋር በአንድ ግቢ ባለው ሆስፒታል ደግሞ ሰው ከመቀደዱ በፊት ታስተኛለች፣ ከተሰፋ በኋላ ትቀሰቅሳለች። ሰው ሁሉ «እንቅልፌ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት አንዲት አሮጊት በሽተኛ ናቸው። ከኦፕራሲዮን ሲነቁ ዓይናቸውን እንኳ ሳይገልጡ፣ «ያቺ እንቅልፌ የታለች? እጄን ይዛልኝ ነበር፤ ጥሩልኝ» አሉ። ነርሶቹ ሳቁ፤ ስሙም ተለጠፈ። ስትቆጣ ባሰ፤ ስትተወው ሰነበተ። አሁን ራሷም ስልክ ስታነሳ «አቤት፣ እንቅልፌ ነኝ» ትላለች።

እንቅልፌ ለወንበር የተፈጠረች ሰው አይደለችም። ስብሰባ ላይ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ ሰው ሲናገር አፉን ሳይሆን ደረቱን ታያለች፤ ማን ትንፋሹን እንደያዘ፣ ማን እንዳቃሰተ ታውቃለች፤ ምን እንደተባለ ግን አንዳንዴ ያመልጣታል። እንዲህ ያለችው ሰው ጉባኤ የገባችው በሰው ጠብ ነው።

ትምህርት ቤቱን የሚመራው ዲን ነው። ዲኑን የሚሾሙት ከላይ ያሉት ናቸው። ከዲኑ ጎን ግን የመምህራን ጉባኤ አለ፤ እሱን ማንም አይሾመውም። መምህራኑ ራሳቸው በየሁለት ዓመቱ ወረቀት እያጠፉ ሳጥን ውስጥ እየከተቱ ከመካከላቸው ይመርጡታል። ተማሪው ምን ይማር፣ እንዴት ይፈተን፣ ስንቱ ይግባ፣ ከመምህራንስ ማን ይደግ የሚለው ሁሉ በዚህ ጉባኤ ፊት ሳይቀርብ አያልፍም። ሰብሳቢው እርጅና የተጫናቸው የዓይን ሐኪም ናቸው፤ ነገርን ሁሉ በማየት ይመስሉታል። «የተሾመ ወደ ላይ ያያል፤ የተመረጠ ወደ ጎን ያያል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ሰው ጉድጓድ የማይገባው» ይላሉ።

እንቅልፌ በገባችበት ምርጫ ለሆስፒታሉ ክፍሎች ሁለት ወንበር ነበር። አንደኛውን ከእጁ ይልቅ አፉ የሚቆርጠው፣ «ምላጩ» የሚባለው ቀዶ ሐኪም እንደ ቀድሞው መልሶ ወሰደው። ሁለተኛውን የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ሲቋምጡለት፣ ቀዶ ሐኪሞቹ «ከእነሱስ ማንም ይሻላል» ብለው ድምፃቸውን በሙሉ ትንሿ ክፍል ላይ፣ ማደንዘዣ ላይ አፈሰሱት። እንቅልፌ ሳጥኑ ሲቆጠር ኦፕራሲዮን ክፍል ነበረች። መመረጧን የነገራት ምላጩ ነው፤ እጁን እየታጠበ።

«እንኳን ደስ ያለሽ። ዝሆኖች ተጣሉና ሣሩ ተመረጠ።»

«እኔ? ምን ልሠራ?»

«የተለመደውን ነዋ። ጉባኤውን ታስተኚልናለሽ።»

እሷ ግን ነገሩን እንደ ቀልድ አላየችውም። የክፍሏን መምህራን ሰብስባ በላስቲክ ኩባያ ሻይ እየጠጡ፣ «እኔ የናንተ አፍ ነኝ እንጂ የራሴ አይደለሁም። ለትልቅ ነገር እጄን ከማውጣቴ በፊት እጠይቃችኋለሁ» አለቻቸው። ከመካከላቸው አንዱ፣ «እኛን የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ነው፤ ምን እንደምንመልስ እንለማመድ» ብሎ አሳቃቸው። ቃሏን ግን ያዙባት።

ወላጆቿ ሲሞቱ እንቅልፌ የወተት ጥርሷን ገና አልነቀለችም ነበር። ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ናት። እህቲቱ ትምህርቷን አቋርጣ ከአንድ የስፌት መኪና ፊት ተቀመጠች፤ የሰውን ልጆች ዩኒፎርም እየሰፋች የራሷን ታናሽ አስተማረች። እንቅልፌ ሕክምና የገባች ጊዜ የመጀመሪያውን ነጭ ጋዋን የሰፋችላትም እሷው ናት። ኪሱን ክንድ እስኪውጥ ድረስ ጥልቅ አደረገችው።

«እትዬ፣ ይሄ ኪስ ነው ጉድጓድ?» ብትላት፣ በጥርሷ የያዘቻቸውን መርፌዎች ሳታወጣ፣ «የሐኪም ኪስ አይጉደል» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ የለበሰችው ጋዋን ሁሉ ከዚያው መኪና የወጣ ነው፤ ኪሱም ያው ጉድጓድ ነው። ተማሪዎቿ እስክሪብቶ ሲጠፋባቸው «እንቅልፌ ኪስ ውስጥ ፈልጉት» ይባባላሉ።

እህቲቱ ያለቻት አንድ ሴት ልጅ ናት። ልጅቷ በአክስቷ ማዳመጫ የአሻንጉሊቶቿን ልብ እያዳመጠች ነው ያደገችው። ዘንድሮ የሕክምና ትምህርት ቤቱን መግቢያ ተፈትና ለጥቂት አመለጣት። ወደቀች አይባልም፤ በሩ ሲዘጋ ጣቷ መዝጊያው ላይ ነበር። ልጅቷ አልቅሳ ወጣላት። እናቷ አላለቀሰችም፤ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።

ወሬው የመጣው እንዲህ ባለው ሰሞን ነው። ዲኑ ለጉባኤው አንድ ሐሳብ ሊያቀርብ ነው ተባለ፤ በሚመጣው ዓመት የሚገቡት ተማሪዎች እጥፍ ይሁኑ የሚል። ሐሳቡ ካለፈ በሩ ላይ የቀሩት ሁሉ፣ የእህቷም ልጅ ጭምር፣ ይገባሉ። ወሬ ከባለቤቱ ይፈጥናል፤ እንቅልፌ ስፌት ቤቱ ስትደርስ ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ መቀሱ መሀሉ ደርሷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጋዋን ነዋ። ምን መሰለሽ፣ መጋረጃ?»

«እትዬ፣ ጉባኤው እኮ ገና አልተቀመጠም።»

«ጉባኤው ማነው? አንቺ አይደለሽ?»

«እኔ አንድ ሰው ነኝ።»

«እኔም አንድ ሰው ነበርኩ» አለች እህቷ፣ መቀሱን ሳታቆም። «አንድ ሰው ስንት ነገር እንደሚሠራ ካንቺ በላይ ማን ያውቃል?»

እንቅልፌ ጨርቁ ሲቆረጥ የሚያሰማውን ድምፅ እየሰማች ቆማ ቀረች፤ ደረቅ ሣር ላይ የሚሄድ ሰው ይመስላል።

በነጋታው የክፍሏን መምህራን ሰበሰበች። ቃሏ ነውና ጠየቀች። የመለሱላትም ሳይነጋገሩ በአንድ አፍ ነው። «ያሉትን እንኳ በቅጡ አላስተማርን! ተማሪው በተራ ደርሶት አንዴ በሽተኛ ላይ እጁን ካሳረፈ ሁለተኛ አያገኝም። እጥፍ ከሆኑማ ማስተማሩን ትተን ሰልፍ እናስከብር።» እሷም ነገሩ እውነት መሆኑን ታውቃለች። እንግዲህ ብትቃወም የእህቷን ልጅ ደጅ ታስቀራለች፤ ብትደግፍ የመረጧትን ትክዳለች። በልቧ ሦስተኛ መንገድ ፈለገች። ዝም እላለሁ፣ አለች። ተራዬ ሲደርስ «የምለው የለኝም» ብዬ እቀመጣለሁ። ዝም ያለን ሰው ማን ይከሰዋል?

ጉባኤው በሚቀመጥበት ሳምንት ከምላጩ ጋር አንድ ሰው ኦፕራሲዮን ለማድረግ ገባች። በእንቅልፌ ኦፕራሲዮን ክፍል የማይታለፍ ሥርዓት አለ። ሰውየው ተኝቷል፣ ቢላዋው ተሰጥቷል፤ ነገር ግን ቆዳ ከመነካቱ በፊት ሁሉም ሥራ ያቆማል፤ እሷም ድምፅ አውጥታ ትጠይቃለች። በሽተኛው ማነው? የሚሠራው ምኑ ነው? በየትኛው ጎን?

«በሽተኛው ማነው?» አለች።

«የእናቱ ልጅ» አለ ምላጩ። ነርሶቹ በጭንብላቸው ሥር ሳቁ።

«ቢላዋውን አስቀምጠው።»

«ቀልድ ነው እኮ፣ እንቅልፌ።»

«ቀልዱን ሰምቻለሁ። መልሱን ነው ያልሰማሁት።»

«ሰውየውን ትናንት የመረመርኩት እኔ ነኝ! ምኑን ነው የምትጠይቂኝ?»

«የምታውቀውን ነው የምጠይቅህ። ጥያቄው ለወግ ከሆነ እናስቀረው፤ የእውነት ከሆነ ግን መልስ።»

ምላጩ ቢላዋውን አስቀመጠ። ስሙን ከነአባቱ ጠራ፣ የግራ ብሽሽት እንደሆነ ተናገረ፤ ከዚያም «አንቺን ያገባ ሰው ቤቱ ሲገባ ማን እንደሆነ ይጠየቃል መሰለኝ» አለ። ይሄን ጊዜ እሷም ሳቀች። ሰውየው ተሠራ፣ ተሰፋ፣ ነቃ።

ጉባኤው የሚቀመጥበት ክፍል ድሮ የአጥንት ትምህርት ይሰጥበት የነበረ ነው። ረዥም ጠረጴዛ፣ አንዱ ከአንዱ የማይመሳሰል ወንበር፣ ጥግ ላይ ደግሞ ማንም ያላነሳው አንድ አጽም አለ፤ ዘግይቶ የሚመጣ ሰው ኮቱን ትከሻው ላይ ይሰቅልበታል። መስኮቱ አምቡላንስ ወደሚቆምበት ሜዳ ይከፈታል። እዚህ ክፍል ውስጥ ሰዎች ስለ ፈተና ቀን ግማሽ ቀን ይከራከራሉ፤ ተማሪ በዎርድ ዙር ላይ፣ በሽተኞች አልጋ በአልጋ ሲታዩ፣ መቀመጥ ይፈቀድለት ወይስ አይፈቀድለት በሚል ይኮራረፋሉ። እንቅልፌ በመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ተገርማ ነበር። ትልልቅ ሰዎች በትንሽ ነገር እንዲህ ይጣላሉ? እየቆየች ስትሄድ ግን ትንሽ የምትለው ነገር የአንድ ተማሪ ሙሉ ዓመት እንደሆነ ገባት፤ መደነቋም መልኩን ቀየረ።

ጉባኤው ሁለት ልማድ አለው። አንደኛው የንግግር ተራ ነው። አዲስ ገቢ ይጀምራል፣ ዲኑ ይጨርሳል። ከዎርድ ዙር የተቀዳ ነው፤ እዚያ ተማሪው ይጀምራል፣ ፕሮፌሰሩ ይዘጋል። የዲኑን ፊት አይቶ ሐሳቡን የሚያሰማምር እንዳይኖር ነው። ሁለተኛው ልማድ ጥያቄ ነው። ሰብሳቢው ማንኛውንም ጉዳይ ከመክፈታቸው በፊት «በዚህ ጉዳይ ዘመድ ያለው አለ?» ይላሉ። ጥያቄው ሲፈጠር ቁም ነገር ሳይሆን አልቀረም። ሲውል ሲያድር ግን መልሱ አንድ ቀልድ ሆነ፤ ቀልዱም ሕግ ሆነ።

«በዚህ ጉዳይ ዘመድ ያለው አለ?» አሉ ሰብሳቢው በዚያ ቀን፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ።

«ሁላችንም የአዳም ልጆች ነን፣ ጌታዬ!» አለ ምላጩ እንደ ልማዱ።

ሁሉም ሳቁ። እንቅልፌም ሳቀች።

ዲኑ ሐሳቡን አቀረበ። የትምህርት ጓደኛዋ ነው፤ በተማሪነታቸው አንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው ሬሳ ቀደዋል፤ ያኔ እጁ ሲንቀጠቀጥ እሷ ትይዝለት ነበር። ዛሬ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። «እኔ ባደግሁበት ሰፈር ሰው ሐኪም ፍለጋ ሲሄድ መንገድ ላይ ይመሽበታል» አለ። «ሐኪም ያስፈልጋል። ብዙ ሐኪም። የጠየቅኋችሁ ለሌላ አይደለም።» የሚናገረውን ከልቡ ነው የሚናገረው፤ ደረቱን አይታ አወቀችው።

«እንግዲህ አዲስ ገቢዋ ትጀምርልን» አሉ ሰብሳቢው።

ተነሳች። «የምለው የለኝም» የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ ተዘጋጅቷል። ነገር ግን ፊት ለፊቷ ምላጩ ተቀምጧል፤ ከሳቁ የቀረ ፈገግታ አሁንም ፊቱ ላይ አለ። እሱን ስታይ የገዛ ድምፅዋ ጆሮዋ ውስጥ ተመለሰ። ቀልዱን ሰምቻለሁ፤ መልሱን ነው ያልሰማሁት። ትኩስ ነገር ከአንገቷ ተነስቶ ጆሮዋን ለበለበው።

«ጌታዬ፣ ጥያቄውን ይድገሙልኝ።»

«የቱን ጥያቄ፣ ልጄ?»

«የመጀመሪያውን።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አደረጉ። «በዚህ ጉዳይ ዘመድ ያለው አለ?» አሉ፣ አሁን ቀስ ብለው።

«አለኝ» አለች እንቅልፌ። «የእህቴ ልጅ በሩ ላይ ከቀሩት አንዷ ናት። እጥፍ ከሆነ ትገባለች። ቅድም ስትስቁ እኔም ሳቅሁ፤ መሳቅ አልነበረብኝም።»

ከሜዳው የአምቡላንስ በር ሲዘጋ ተሰማ። ሰብሳቢው እንደ መደንገጥ ብለው ዙሪያቸውን ተመለከቱ። «ይህን ጥያቄ ስጠይቅ አርጅቻለሁ» አሉ። «መልስ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ግን… እንጃ፤ ማንም መልሶልኝ አያውቅም።»

«ትውጣ እንዴ?» አለ ዲኑ፣ እሱም ግራ ገብቶት።

«የት አባቷ ትወጣለች?» አለ ምላጩ። «እሷ ከወጣች ስለ ማደንዘዣ ማን ሊነግረን ነው? አጽሙ?»

ጥቂት ተከራከሩ። በመጨረሻ ሰብሳቢው፣ «ዘመድ ያለው ምስክር እንጂ ዳኛ አይሆንም። የምታውቀውን ትናገር፤ እጇን ግን አታውጣ» አሉ፤ ሁሉም ተስማሙ። እንዲህ ሆኖ ያ የቀልድ ጥያቄ በዚያ ቀን መልስ አገኘ፤ መልሱም ሥርዓት ወለደ።

እንቅልፌ ለመናገር እጇን አነሳች። ምንም ከማለቷ በፊት ጣቶቿ አየር ላይ አንድ ቅርጽ ያዙ።

«እንዲህ ነው የሚያዘው» አለች። «አውራ ጣትና ሌባ ጣት የአየር ጭንብሉን ይከቡታል። የቀሩት ሦስቱ አገጭን ያነሳሉ። የተኛ ሰው በራሱ አይተነፍስም፤ በናንተ እጅ ነው የሚተነፍሰው። ተማሪ መጀመሪያ ሲይዘው እንደ ድስት ክዳን ይጫነዋል። አየሩ ይዘጋል። ያኔ እጄን እጁ ላይ አደርጋለሁ፤ አገጩን ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ወደ ፊት… ድንገት ደረት ብድግ ይላል። የዚያን ልጅ ፊት ብታዩት! ሰው በእጁ ሲተነፍስ ያየ ልጅ ከዚያ በኋላ ሌላ ልጅ ነው። ይህን በሰልፍ አላስተምርም። አንድ እጅ፣ አንድ አገጭ፣ አንድ ትንፋሽ ነው። አሁን ያሉት ተማሪዎች አንዴ ይደርሳቸዋል። እጥፍ ከሆኑ ግማሾቹ የኔን ጀርባ እያዩ ይመረቃሉ። የክፍሌ መምህራን በላቸው ያሉኝ ይህን ነው፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው።»

ትንፋሽ ወሰደች።

«የእህቴ ልጅ እንድትገባ አልመኝም ብል እዋሻለሁ፤ እመኛለሁ። ግን ጀርባዬን አይተው ከሚመረቁት አንዷ እሷ ብትሆንስ? መንገድ የመሸበት ሰው ደጇ ሲደርስ በየትኛው እጇ ትቀበለዋለች?»

ተቀመጠች።

«ዘመድ እንዲህ ከሆነ ጠላትን ምን ልንለው ነው?» አለ ምላጩ። ነገር ግን ድምፁ ውስጥ ስለት አልነበረም።

ከእሷ በኋላ የተናገሩት ሁሉም አንድ ዓይነት አልሆኑም። የሕፃናት ሐኪሟ «እኛ ጋ አልጋም ሕፃንም ሞልቷል፤ ተጨማሪ ተማሪ እንችላለን» አለች። የማዋለጃው ሰው በእምቢታ አንገቱን ነቀነቀ። ዲኑ መጨረሻ ላይ ተነስቶ፣ «ደጁ ሐኪም የመጣለት ሰው እጅህ አልበሰለም ብሎ አይመልሰውም» አለ፤ ዓይኑ ግን እንቅልፌ ላይ ነበር። እሷ አልመለሰችለትም፤ ምስክርነቷን ጨርሳለች። ሰብሳቢው ነገሩን እንዲህ ቋጩት፤ እያንዳንዱ ክፍል ይመለስና ከመምህራኑ ጋር ይምከር፤ ስንት እጅ በእውነት ማስተማር እንደሚችል ራሱ ይናገር፤ ቁጥሩም ከዚያ ይነሳ። «የሚስማማ እጁን ያውጣ» አሉ።

የእንቅልፌ ክንድ ሳታስበው ብድግ አለ። ምላጩ በጠረጴዛው ላይ ተንጠራርቶ ክንዷን ያዘና ወደ ታች ጎተተው። «ምስክር!» አላት በሹክሹክታ። እሷም ሁለቱን እጆቿን ጭኗ ሥር ከትታ ተቀመጠችባቸው፤ እጆች ሁሉ ከፍ ባሉበት ክፍል ውስጥ።

ሲወጡ ዲኑ ኮሪደር ላይ ጠበቃት። እጁን ዘረጋ፤ ጨበጠችው።

«ከላይ ያሉት ጆሮዬን ይቆርጡኛል» አላት።

«ጉባኤው አለ በላቸው።»

«ሌላ ምን እላለሁ? እኔ አልኩ ብል እኮ ወገቤ አይችለውም።» ከዚያ ወደ እጁ ተመለከተ። «ምን ይላል?»

ጣቶቿ አንጓው ላይ ነበሩ። «ረጋ ብሏል» አለችው። እሷንም ገረማት፤ ተሸንፎ የሚወጣ ሰው ልብ አይመስልም ነበር። ብቻውን ተሸክሞት የነበረውን ነገር አንድ ጫፍ ሌላ ሰው ያነሳለት ሰው ልብ ነው።

ክፍሎቹ መከሩ። ጉባኤው እንደገና ተቀመጠ። ተማሪው ጥቂት እንዲጨመር፣ እጥፍ ግን እንዳይሆን፣ ለማስተማሪያም አንድ ተጨማሪ ኦፕራሲዮን ክፍል እንዲከፈት ተወሰነ። የተጨመሩት ጥቂቶች ሲገቡ በሩ እንደገና ተዘጋ። የልጅቷ ጣት አሁንም መዝጊያው ላይ ነበር፤ ወደ ውስጥ ግን አልገባችም።

ይህን በስልክ አይነግሩትም። እንቅልፌ ከሥራ እንደወጣች፣ ጋዋኗን ሳታወልቅ፣ ወደ ስፌት ቤቱ ሄደች። እህቷ ስፌት መኪናው ላይ ናት። የተቆረጠው ነጭ ጨርቅ፣ ፊቱ፣ ጀርባው፣ እጅጌዎቹና ሁለት ረዣዥም ኪሶች፣ በመርፌ ተያይዞ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ሰምቻለሁ» አለች እህቷ ቀና ሳትል። «መጀመሪያ የተናገርሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ።»

«ሌላ አፍ ጠፍቶ?»

«አዲስ ገቢ ይጀምራል፤ ሥርዓታቸው ነው።»

«ዝም ማለትስ ያስከስሳል?»

«አያስከስስም። እኔም ዝም ልል ነበር የገባሁት።»

መኪናው ረዥም መስመር ሰፋ። ከዚያ ቆመ።

«እኔ አንቺን ሳስተምር» አለች እህቷ፣ «ጉባኤ አልጠራሁም።»

ለዚህ መልስ ያለው እጁን ያውጣ። እንቅልፌ አላወጣችም። ከተቆራረጡ ጨርቆች መካከል ባለች ዱካ ላይ ተቀመጠች፤ ልጅ ሆና የቤት ሥራዋን የምትሠራባት ዱካ ናት።

ልጅቷ ከጓዳ ወጣች። ዓይኗ አብጧል።

«አክስቴ፣ ስለ እኔ ተናገርሽ አሉ።»

«ተናገርኩ።»

«ስሜን ጠርተሽ?»

«ስምሽን አልጠራሁም። የእህቴ ልጅ ናት ነው ያልኩት።»

«ሳቁብኝ?»

«አልሳቁም። ጸጥ ነው ያሉት። እንድትገቢ እንደምመኝም ነግሬያቸዋለሁ።»

ልጅቷ ግድግዳው ላይ ወዳለው ጨርቅ አየች። «ከርሞ እፈተናለሁ» አለች፣ ለእናቷ ይሁን ለአክስቷ ሳይለይ። «ትከሻዬ ካልሰፋ ይሆነኛል።»

«ትከሻሽ ቢሰፋ እኔ ምን ሥራ አለኝ?» አለች እናቷ በቁጣ። ተነስታ ጨርቁን ከግድግዳው አወረደችው፤ አቧራውን አራገፈችና እጥፍ እጥፍ አድርጋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። በጣቷ ጫፍ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችው፤ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው።

እንቅልፌ ልትሄድ ተነሳች። ምን ብላ እንደምትሰናበት አላወቀችም፤ እጇን ዘረጋች። እህቷ እጁን ብቻ እያየች ቆመች። ከዚያ በጥርሷ የያዘቻቸውን መርፌዎች አንድ በአንድ አውጥታ ደረቷ ላይ ሰካች፤ የራሷን እጅ ሰጠቻት። ሁለቱ ጣቶች ወደ አንጓው ተንሸራተቱ። በዚህ ጊዜ «እጄን መልሺልኝ» ያለ የለም።

«ምን ይላል?»

«ይሮጣል።»

«ተናድጄ ነዋ! ተናድጄ እንዳለሁ እወቂልኝ።»

«አወቅኩ፣ እትዬ።»

«እስከ እሑድ እናደዳለሁ።»

«እሺ።»

«እሑድ ለምሳ ነይ።» እጇን ነጥቃ ወሰደች። «ያንን ኪስሽንም ይዘሽ ነይ፤ ጥግ ጥጉ ተተርትሯል። ሐኪም ናት ይሏታል!»

እንቅልፌ ወጣች። መንገዱ ላይ ሱቆች መብራት እያበሩ ነው፤ ከሥራ የሚመለሰው ሰው ይተላለፋል። እሷ መሀሉን ይዛ፣ አልቸኮለችም አልዘገየችም፣ ጋዋኗ ከኋላዋ እየተወዛወዘ ሄደች። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራለች። ስፌት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ለሚያያት፣ ነጩ ልብስ ከሰው መሀል ገብቶ እስኪጠፋ ድረስ፣ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች በገዛ ራሷ የግራ አንጓ ላይ አርፈው ይታዩ ነበር።